ግንባሯ ላይ ያለው መስቀል

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ልናገር ብዬ አፌ ላይ ሲደርስ አንገቴን እደፋና ሌላ ወሬ አነሳለሁ። ስጽፈው ግን ፊቴን የሚያይ የለም።

ጦርነቱ ገና ያልበረደበት ጊዜ ነው። የማስተምረው መርሳ ነው፤ ቤታችን ግን ወልድያ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቤት ልሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

አጠገቤ አንዲት ዕድሜዋ የገፋ ሴት ተቀመጠች። ግንባሯ ላይ መስቀል ተነቅሳለች፤ አንገቷንም ንቅሳት ዙሪያውን ከቦታል። በነጠላዋ አፏን ሸፍናለች።

“ደህና አደሩ እማማ፣ ወደዚህ ይጠጉ” አልኋት። ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

ከኋላችን ደምሴ የሚሉት ሱፍ የለበሰ የቢሮ ሰው ነበር። “እማማ፣ ከየት ነው የመጡት?” አላት። ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች። “ለመልስም ይከፈላል እንዴ?” ሲል ሰው ሳቀ።

“ተዋት አንተ ሰውዬ” አለች ከፊት ወንበር ሁሪያ። ሁሪያ ግራና ከተማ፣ ገበያው ላይ ልብስ የምትሸጥ ነጋዴ ናት። “ሚስትህንም ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነው የምትመረምራት?”

“ግንባሯን እዪው እንጂ! እንዲህ የሚነቀሱት እነሱ ናቸው። አፏንስ የሸፈነችው ለምን ይመስልሻል? ከተናገረች ትታወቃለቻ።”

ሳቁ ቆመ። በዚያ ጊዜ “እነሱ” ማለት የትግራይ ሰው ማለት ነበር።

እኔ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ነጠላዋ ሸርተት ሲል መንጋጋዋ ሥር እንደ ድንች አብጧል፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ “ሐኪም ቤት ነው የሚሄዱት?” አልኋት። ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ጎረቤታችን በጥርስ እብጠት ጉሮሮው ተዘግቶ ሲሞት አይቻለሁ። ይቺ ሴት ዛሬ ወልድያ ካልደረሰች ነገን እንደማታይ ገባኝ።

ሲሪንቃን እንዳለፍን መንገድ የሚጠብቁ ወጣቶች አስቆሙን። ሹፌሩ ኡበይደላ “ዝም በሉ፣ እኔ ልናገር” ቢልም ደምሴ ቀደመው።

“ወንድሞቼ፣ ይቺን ሴት እዩልኝማ።”

አንዱ ጠመንጃውን እንዳንጠለጠለ በበሩ አጎነበሰ። “ሴትዮ፣ ከየት ነሽ?”

ከጉሮሮዋ የወጣው ማቃሰት ብቻ ነበር።

“ይኸው! አላልኋችሁም?” አለ ደምሴ።

“ውረጂ።”

ከመንገዱ ማዶ ዛፍ ሥር፣ ከኛ በፊት ካለፉ መኪኖች የወረዱ ሰዎች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ማንም አያናግራቸውም። እዚያ ከተቀመጡት ተመልሶ ቤቱ የገባ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

እኔ ስብሰባ ላይ እንኳ እጄን የማላነሣ ሰው ነኝ። ደግሞም እንደ ደምሴ ሁሉ፣ ግንባሯን አይቼ ከየት እንደሆነች ያወቅሁ መስሎኝ ነበር።

“እናቴ ናት” አልሁ።

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። በካውያ የተተኮሰ ቀሚሴን፣ ጭኔ ላይ የያዝሁትን የተማሪዎች የፈተና ወረቀት አየ።

“አንቺስ ማነሽ?”

“ሩት እባላለሁ። መርሳ አስተማሪ ነኝ። መንጋጋዋ አብጦባት ነው፣ መናገር አትችልም።”

የአባቴን ስም አልጠየቀኝም።

“ቆይ ቆይ” አለ ደምሴ። “እናትሽን አንቱ ነው የምትያት? መርሳ ላይ ‘ይጠጉ’ ስትያት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።”

 ያን ጊዜ ሁሪያ ወንበሯ ላይ ተነሥታ ዞረች።

“ወላሂ አንተ ሰው አታፍርም! የታረመ ልጅ እናቱን አንቱ ይላል። አንተ ስድ ሆነህ ስላደግህ እንግዳ ሆነብህ? እናትና ልጅ መሆናቸውን እኔ አውቃለሁ። በቃ!”

ወጣቶቹ ሳቁበት። ባለጠመንጃው በሩን ዘጋና ኮፈኑን በእጁ መታ መታ አደረገው። “እለፉ።”

ሁሪያ አንድ ጊዜ አየችኝና ፊቷን መለሰች። ወልድያ እስክንደርስ ደግማ አልዞረችም።

እንደደረስን ሐኪም ቤት ወሰድኋት፤ ሐኪሙ እብጠቱን በጣው፤ መግሉ ወጣ። እስከ ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ቆየሁ። መናገር ስትጀምር ስሟ ጽጌ እንደሆነ ነገረችኝ። አማርኛዋ የወሎ ገጠር አማርኛ ነው፤ እየተጎተተ እንደ ዜማ ይሰማል።

“የወለድኋቸው ያላደረጉልኝን አደረግሽልኝ፣ ልጄ። እኔ እኮ ተወልጄ ያደግሁት ከመርሳ በላይ ደጋው ላይ ነው። አባቴም አያቴም የተቀበሩት እዚያው ነው። ይሄን መስቀል እናቴ ናት ያስነቀሰችኝ፤ ከእኔ በፊት የወለደቻቸው እየሞቱባት፣ ይቺስ ትትረፍልኝ ብላ። ታዲያ እኔን ከነዚያ ይቁጠሩኝ?”

ትራሷን አስተካከልሁላት።

እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። “ያን ባለጠመንጃ ልጅ ግን አልቀየመውም። ወንድሜን የቀበርሁት በነዚያ ጥይት ተመትቶ ነው። ከነሱ አንዷን ባገኝ፣ እግዜር ምስክሬ ነው፣ እኔው ራሴ ጎትቼ ነበር የማወርዳት።”

“አይናገሩ እማማ፣ ቁስሉ ይደማል።”

“ቤታችሁ ወዴት ነው? ስድን ማር ይዤ እመጣለሁ። አንቺን የመሰለች የወለደችውን እናትሽን እግሯን ልሳም።”

“ሩቅ ነው” አልኋት።

በማግስቱ ጠዋት የጓሯችንን ክፍል ከፍቼ፣ ከተደበቀች ወራት ላለፋት ለእናቴ ለፍረወይኒ ቁርሷን አስገባሁላት፤ ምንም ንቅሳት የሌለበትን ግንባሯን ሳምሁና፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ በትግርኛ እንዴት አደርሽ አልኋት።