አባቷ ያወጣላት ስም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ» ትላለች እናቷ ሰው ባገኘች ቁጥር ደረቷን ነፍታ፤ «የልጄን ግን አባቷ ነው ያወጣው።»

አባትየው መንገድ ሊሠራ ወልዲያ የመጣ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነበር። ልጅቱ በተወለደች በሦስተኛው ቀን እናትየዋ አቅፋት «ማን እንበላት?» ብትለው፣ አማርኛ አሳምሮ የሚሰማው ሰውዬ ሻንጣውን እየዘጋ «ኤጋል» አላት። በዚያው ወጣ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰ። ቄሱ የክርስትና ስም ቢያወጡላትም እናት ከኤጋል ሌላ አላስጠራም አለች።

ኤጋል ሕግ የሚያስገባ ውጤት አምጥታ ጀርመንኛ መረጠች። አባቷን ያገኘችው ቀን በገዛ ቋንቋው «ኤጋል ነኝ» ልትለው ነው።

ዩኒቨርሲቲ በገባች በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሽበታሙ መምህር ተማሪዎቹን አንድ በአንድ እያስነሡ ስማቸውን በጀርመንኛ ያስነግሯቸው ጀመር። ተራዋ ሲደርስ፣ ከፊቷ ከተነሡት ሰምታ በልቧ ስታመላልሰው የቆየችውን ሳትደናቀፍ አወረደችው።

«ኢሽ ሃይሰ ኤጋል።»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «አነጋገርሽ ጥሩ ነው፤ እኔ ክፍል ውስጥ ግን ቀልድ የለም።»

«ኧረ የምሬን ነው፣ መምህር!»

መምህሩ ወደ ክፍሉ ዞሩ። «ቃሏን ጻፏት፣ ትጠቅማችኋለች። ጀርመንን ‹ቡና ይሁን ሻይ?› ብትሉት ‹ኤጋል› ይላችኋል፤ ‹የፈለጋችሁትን አድርጉ፣ እኔ ምን ቸገረኝ› ማለቱ ነው።»

ከዚያ ወደ እሷ ተመለሱ።

«በይ አሁን ስምሽን ንገሪን።»