ያልተቀመጡት ሽማግሌዎች

ሦስቱ ሽማግሌዎች ደጃፏ ላይ ሲቆሙ ዘርፌ የመጡበትን ያወቀች መሰላት። ልጇ ትርንጎ ገና አሥራ አራት ዓመቷ ነው።

«ልጄን አልድርም» አለች፣ ሳትጠየቅ። «ስምንተኛን ሳትጨርስ ማንም አይወስዳትም።»

ከሦስቱ አንዱ አያ ሞላልኝ ከዘራቸውን ተደግፈው መሬት መሬቱን አዩ።

«ለጋብቻ አልመጣንም፣ ልጄ። ከትምህርት ቤት አስወጪልን ልንልሽ ነው።»

አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ የትምህርት ቤቱ አማካይ ውጤት ከወረደ የመንደሩ ቧንቧ ይዘጋል። ሰዉ ወደ ከተማ እየፈለሰ ስምንተኛ ክፍል የቀሩት ዘጠኝ ልጆች ናቸው። ከዘጠኝ ልጅ መካከል የአንዷ ድክመት መደበቂያ የለውም።

«ያቃታት ሒሳብ ብቻ እኮ ነው! ደግሞስ ሴት ልጅ አስተምሩ ብላችሁ ቤት ለቤት የዞራችሁት እናንተው አይደላችሁም?»

«ነን» አሉ ሌላው ሽማግሌ። «ግን ከብቱ ምን ይጠጣ? ያዘልሽውስ ጨቅላ በምን ይታጠብ?»

ዘርፌ ወደ አያ ሞላልኝ ዞረች። «የእርስዎ የልጅ ልጅ ብትሆን ኖሮ ያስወጧት ነበር?»

«አምና አስወጥቻታለሁ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

በአገሩ ወግ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም። ፀሐይዋ በረታች፤ አያ ሞላልኝ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ዘርፌ ግን ተቀመጡ አላለችም።

ትርንጎ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ከጓዳ ወጣች። ሦስት በርጩማ አንድ በአንድ አምጥታ ከኋላቸው አኖረች።

«ተቀመጡ፣ አባቶቼ» አለች፣ እናቷን ሳታይ።

አያ ሞላልኝ ከሁሉም መጨረሻ ተቀመጡ።