የእግረ ደረቁ ቴፕ

ሰውየው ዕድሜውን የጨረሰው ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ መስኮት አልነበረውም፤ አቧራው ግን ለሦስት መንደር ይበቃ ነበር። የበሽተኛ ካርድ ከመደርደሪያ ሲያወርድ፣ መልሶ ሲሰቅል ፀጉሩ ነጣ። ከአቧራው ይሁን ከዕድሜ፣ እሱም አልለየው።

አንድ ሰኞ መልቀቂያ አስገባ። ምን ልትሠራ ነው ሲሉት «አገር እየዞርኩ ስለ ሙዚቃ ልጽፍ» አለ። ካርድ ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ወረፋ የሚጠብቁት በሽተኞች ሳይቀሩ ሳቁ፤ አንዱማ ስቆ ስቆ ሳይታከም ድኖ ቤቱ ገባ ይባላል።

ያልሳቀው ሐኪሙ ብቻ ነበር። ሁለቱ በምሳ ሰዓት አብረው ሬዲዮ የሚሰሙ ወዳጆች ናቸው። «እደውልልሃለሁ» አለው።

ሰውየው አንድ ሻንጣና አንድ ቴፕ ይዞ ጀመረ። ስልክ ይጮሃል፤ ግቢ ወጥቶ ያነጋግራል፤ ተመልሶ ሚስቱን «ሸሚዜን» ይላታል። በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ነው። ራቅ ያለ መንደር ወርዶ አንድ ሙዚቀኛ ቤት ይቀመጣል፣ ያጫውተዋል፣ ይቀዳዋል፣ ሲመለስ ጋዜጣ ላይ ይጽፋል። አጻጻፉ ለጉድ ነው። ስለ ባለአኮርዲዮኑ የጻፈው ሲነበብላት አንዲት አሮጊት ምርኩዟን ጥላ ጨፈረች፤ ምርኩዙ እስካሁን አልተገኘም።

ባለአኮርዲዮኑ ግን ጋዜጣው በወጣ ሰሞን ሞተ። ቀጥላ ዋሽንት ነፊዋ። ከዚያ ከበሮ መቺው።

ሰፈሩ ስም አወጣለት፤ እግረ ደረቁ። እሱ ሲያልፍ ባለሱቁ ሬዲዮውን ያጠፋል። ፀጉር አስተካካዩ ፉጨቱን ይውጣል። ውሾቹ እንኳ መጮህ ተዉ፣ ይቀዳናል ብለው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰው አንተን ሲያይ ትንፋሹን መደበቅ ጀምሯል» አለችው ሚስቱ፣ ሸሚዙን እየተኮሰች።

«ይደብቅ።»

«እኔ ደግሞ ልዝፈን ብል የሚሰማኝ አጣሁ። ስታገባኝ ዘፋኝ አልነበርኩም? ለማንም ሽማግሌ አገር ታቋርጣለህ፣ እኔን አንድ ቀን እንኳ ዝፈኚ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«አንቺማ እዚሁ ነሽ። የት ትሄጂብኛለሽ?»

ሳቀችና ሳል ያዛት። የካውያው እንፋሎት ነው አለች። ለዚሁ ሳል በቀደም የድሮ መሥሪያ ቤቱ ወስዷት ነበር፤ ካርዷን ራሱ ገብቶ አወጣላት፣ እንደ ሚኒስትር ያለ ወረፋ ሐኪሙ ዘንድ አስገባት። ስትመለስ ለጎረቤት ሁሉ ያወራችው ስለ ወረፋው ነው።

ጥሩምባ ነፊው ሲሞት ልጁ መጣ። ጋራዥ የሚሠራ ጎረምሳ ነው፤ መኪና በአንድ እጁ አንስቶ በሌላው ጎማ ይቀይራል የሚባልለት። በሩን በእግሩ ከፈተው። በእጁ የጎማ መፍቻ ይዟል።

«አባቴ ደህና ነበር። መጥተህ ገደልከው።»

ሚስትየዋ መሃል ገባች። ሰውየው በቀስታ ወደ ጎን አደረጋት።

«ተቀመጥ፣ ልጄ።»

«አልቀመጥም።»

«አባትህን ሐኪም ቤት ምን አሉት?»

«ቤትህ ግባ፣ የምትወደውን ብላ አሉት። ተሽሎት ነበር።»

ሰውየው ወለሉን አየ። «ሐኪሙ ወዳጄ ነው» አለ። «ሕክምና የማያድነውን ሙዚቀኛ ወደ ቤቱ ሲሸኝ ይደውልልኛል። ድምፁ አብሮት እንዳይቀበር እሮጣለሁ። ሞትን እኔ አላመጣሁበትም፣ ልጄ። ቀድሜው ደርሼ ነው።»

ልጁ መፍቻውን ዝቅ አደረገ። «አባቴ ያውቅ ነበር?»

«እኔ አልነገርኩትም። እስቲ የድሮዋን አሰማኝ አልኩት፣ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ለሁሉም የምለው ይህንኑ ነው።»

ቴፑን ከፈተለት። ጥሩምባው ቤቱን ሞላው፤ መሃል ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ደግሞ ይነሳል። ጎረምሳው መፍቻውን መሬት አስቀምጦ አለቀሰ። ሲወጣ በሩን በእጁ ዘጋው።

ሚስትየዋ ቀለል አላት። «ለካ እግርህ አይደለም ደረቁ፣ ጆሮህ ነው ረጅሙ» አለችው። ሳሉ እስኪያጎብጣት ሳቀች።

ስልኩ ጮኸ። እንደ ልማዱ ግቢ ወጣ። በመስኮት አየችው፤ ጀርባውን ሰጥቶ አጥሩን ይዟል። ሐኪሙ መሆኑ ዛሬ ገባት። ደግሞ የማን ተራ ይሆን፣ ምስኪን፣ ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ሸሚዙን አጠፈች። ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች።

ቆይቶ ገባ።

«አውቶቡሱ ስንት ሰዓት ነው?» አለችው።

ሻንጣውን በእግሩ ገፍቶ አልጋው ሥር መለሰው፤ ቴፑን ወደሷ አስጠጋና «እስቲ የድሮዋን አሰሚኝ» አላት።