የጉምጉምታው ዳኛ

ሰብሳቢው ጠረጴዛው ሥር በርከክ ብሎ ሶኬት ይፈልጋል። በግራ በኩል ያለው ልል ነው፤ ቻርጀሩን አልይዝ አለው። የሚሠራው በቀኙ ጫፍ ያለው ብቻ ነው። ላፕቶፑ ሊጠፋ ደርሷል። እየተነጫነጨ ገመዱን ወደ ቀኝ ሳበ፣ ወንበሩንም አስከተለ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ቦታ ለወጡ?» አለችው አብራው ስብሰባውን የምትመራው ወጣት፣ እሱ ዘወትር ከሚቀመጥበት ከግራው ጫፍ ሆና።

«ምን ላድርግ፣ መብራቱ ያለው እዚህ ነው።»

ግራ ጆሮው ካለፈው ዓመት ወዲህ እየከዳው መሆኑን ለማንም አልተናገረም። ግራው ጫፍ ላይ ሲቀመጥ አዳራሹ በሙሉ በደህናው ቀኝ ጆሮው በኩል ስለሚውልለት ማንም አልነቃበትም። ሴት ልጁ ብቻ፣ «አባዬ፣ ቴሌቪዥኑን የምትከፍተው ለእኛ ነው ወይስ ለጎረቤት?» ትለዋለች። ዛሬ በቀኙ የቀሩለት መስኮቱ ሥር ያሉት ረድፎች ብቻ ናቸው።

እዚህ የሚሰበሰቡት፣ ኢንተርኔት ላይ ማሽን ከማሽን የሚነጋገርበትን ደንብ የሚያወጡ መሐንዲሶች ናቸው። አንዱ ረቂቅ ያቀርባል፤ ሌሎቹ እንደ በግ ይበልቱታል፤ በመጨረሻ ሰብሳቢው የቤቱን ስሜት ይጠይቃል። ታዲያ እጅ አይወጣም። እጅ ቢወጣ አለቃ የሠራተኛውን እጅ ያያል። ስለዚህ ሁሉም አፉን ገጥሞ «እምምም» ይላል፤ የቱ ወገን እንደሚከብድ የሚፈርደው የሰብሳቢው ጆሮ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ በሰው ፊት የቀረችለት ክብር ይቺ ወንበር ናት።

የዛሬው ረቂቅ ምሕረት የለውም፤ አዲሱን የመልእክት መቆለፊያ ዘዴ የማያውቅ ማሽን ከእንግዲህ መልስ የሚሰጠው አይኖርም። መስኮቱ ሥር የተቀመጡት አቅራቢዎቹ፣ ሌባ የሚገባው በአሮጌው በር ነው ይላሉ። በግራ፣ በበሩ በኩል ደግሞ የሆስፒታል ኔትወርክ የምትጠብቅ ሴት ማይክ ይዛ ቆማለች።

«የሌባውስ እሺ» አለች። «ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት ክፍል ያሉት መቆጣጠሪያዎች የሚያውቁት አሮጌውን ዘዴ ብቻ ነው። የሠራቸው ኩባንያ ከተዘጋ ቆይቷል። የሕፃን ትንፋሽ ሲቋረጥ ነርሷን የሚጠራት መልእክት የሚሄደው በሱ ነው። መተኪያ እስክናገኝ ጊዜ ስጡን፣ ሌላ አላልኩም።»

«እትዬ፣ በዚህ አያያዝ ሕፃናቱ አድገው ራሳቸው ጊዜ ይጠይቁናል!» አለ መስኮቱ ሥር ያለው ወፍራም መሐንዲስ። ሞተር ነው የሚሉት፤ እምምም ሲል ወንበሩ አብሮት ስለሚንቀጠቀጥ።

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «ረቂቁ ይለፍ የምትሉ።»

ከመስኮቱ ሥር የተነካ የንብ ቀፎ ድምፅ ተነሳ፤ ሞተር ከሁሉ ልቆ።

«አይለፍ የምትሉ።»

ከግራ አንዳች ነገር መጣ፤ ቀጭን፣ ጎረቤት ቤት እንደሚያጓራ ፍሪጅ። ጠበቀ። አልጨመረም።

«እንግዲህ… ወደ ማለፉ ያጋደለ ይመስለኛል።»

የወጣቷ ጣቶች ኪቦርዱ ላይ ቀጥ አሉ። «ጋሼ?»

በበሩ በኩል ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ያያል እንጂ ቃል አይደርሰውም። ሴትየዋ ማይኩን እንደገና አነሳች። «ሰብሳቢ፣ እኛ እኮ ጉሮሯችን እስኪሰነጠቅ ነው ያልነው። ምን ሆነው ነው?»

«ዳኛው ፈረዱ፣ አለቀ!» አለ ሞተር።

እውነትም ቃሉን ቢያጸና ያልቃል። ይግባኝ ይሉ ይሆናል፤ ይግባኙ እስኪታይ ረቂቁ ወደ በላይ ገምጋሚዎች ይሄዳል። ቃሉን ቢያጥፍ ደግሞ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሰሙት?» ይሉታል። የእስክሪብቶውን ክዳን ነቀለ፣ ገጠመ፣ ነቀለ። ከዚህ ወንበር የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ መስማት።

ተነሳ። በወንበሮቹ መሐል አልፎ አዳራሹ እምብርት ላይ ሲደርስ፣ ፊቱን ወደ ለቀቀው ወንበር አዞረ። የበሩ ወገን አሁን በቀኙ ሆነ።

«ሰብሳቢያችን ፎቶ ሊነሱ ነው እንዴ?» አለ ሞተር።

«በዚህኛው ነው የምሰማው፣ ወንድሜ።» ቀኝ ጆሮውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ያኛው ከድቶኛል። አይለፍ የምትሉ፣ እንደገና።»

ጉምጉምታው መጣ፤ ዝቅ ብሎ ጀመረና ወፈረ፣ ከወለሉ ተነስቶ በጫማው የገባ እስኪመስለው። ዞረና የመስኮቱንም ወገን በዚያው ጆሮ ጠየቀ። አንዱ ሌላውን የሚጥል አልነበረም።

«ስምምነት የለም» አለ። «ረቂቁ ወደ ውይይት ይመለስ።»

ሴትየዋ ተቀመጠች። ማይኩ እጇ ላይ መሆኑን ረስታዋለችና ረጅም ትንፋሿ በድምፅ ማጉያው አዳራሹን ሞላው።

ሰብሳቢው ተመልሶ ከወጣቷ ጎን ቆመ። «ባለፈው ስብሰባ የት ነበር የተቀመጥኩት?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አሰበች። «ባለፈውማ ጠረጴዛው ጫፍ አልነበረውም፣ ጋሼ። ክብ ነበር፤ ሰው በግራም በቀኝም ከቦዎት።»

ኮምፒውተሯን ወደ ራሱ ሳበና ቆሞ እንዳለ በሁለት ጣት ጻፈ፦ ባለፈው ስብሰባ ሰብሳቢው ያሳለፋቸው ረቂቆች ሁሉ እንደገና ይጠየቁ፤ ጉምጉምታውን ሌላ ሰው ይስማ። አንድ ጊዜ አነበበው። ለአባላቱ በሙሉ ላከና ኮምፒውተሩን ወደ እሷ መልሶ ገፋው።