የእድሩ ድንኳን

የክልሉን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎች እንደገና እንዲያካልል የተመደበው ባለሙያ፣ የተወለደበትን ሰፈር መሃል ለመሃል በሚያልፈው መንገድ ላይኛውና ታችኛው ብሎ ለሁለት ከፈለው። ነዋሪውን ሰብስቦም «ይህ መስመር የሚሠራው ለምርጫ ቀን ብቻ ነው፤ በማግስቱ ያው ጎረቤታሞች ናችሁ» አለ።

እናቱ ከፊት ወንበር ላይ ሆና እጇን አወጣች። «የእድራችን ድንኳንስ ልጄ? ወደየትኛው ሊሆን ነው?»

አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እሱም እየሳቀ «ድንኳን አይመርጥም እማዬ» አላት።

ከምርጫው በኋላ የላይኛው ሰፈር ተመራጭ ለመረጡት ሰዎች ውሃ አስገባ። የታችኛው ሰፈር ቧንቧ ግን ደረቀ። መጀመሪያ ተኮራረፉ፣ ከዚያ ተሰዳደቡ፣ በመጨረሻም በድንጋይ ተፈነካከቱ። እሱ ከተማ ሆኖ ወሬውን በስልክ ሲሰማ «ይበርድላቸዋል» ይል ነበር።

እናቱ ማረፏን ሰምቶ ሲመጣ፣ ከቤቷ ደጃፍ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ድንኳን ተተክሎ አገኘ። የሁለቱም አንድ ጎን ክፍት ነው። ያው የድሮው ድንኳን መሃል ለመሃል በቢላ ተቀዷል።

የእድሩ ዳኛ የነበሩት አቶ ደምሰው መንገዱ ላይ ተቀበሉት። «እናትህን የማይወድ አልነበረም፤ ላይም ታችም ከለቅሶዋ አንቀርም አሉ» አሉት። «በል ግባ እንግዲህ፣ ቆመህ አትቅር።»

በሁለቱም ድንኳን ከፊት በኩል ለልጇ የተተወ አንድ አንድ ባዶ ወንበር ተቀምጧል። ለቅሶተኛው ሁሉ የእሱ እግር ወደየትኛው እንደሚያመራ ያያል።