የአንገት ንፍፊት

ብሩክታይት ከክሊኒኩ መጠበቂያ ወንበር ለአራተኛ ጊዜ ተነስታ ወደ መስኮቱ ትሄዳለች። ከታች የኦሎምፒያ መንገድ በመኪና ተጨናንቋል። ተመልሳ ትቀመጣለች፤ ስልኳን ታወጣለች፤ ሳታየው መልሳ ኪሷ ትከታለች።

አባቷ አቶ ኣምደሚካኤል ከጎኗ ረጋ ብለው ተቀምጠዋል። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሳሊተ ምሕረት ባለው ቤታቸው፣ የሸሚዛቸውን ኮሌታ ስታስተካክልላቸው ንፍፊቱን ያገኘችው እሷ ናት። ከግራ የአንገታቸው አጥንት በላይ ነው፤ ሽምብራ ያክላል፤ አያማቸውም። አራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ናትና እዚያ ቦታ ላይ የሚወጣ፣ ሕመም የሌለው እብጠት ካንሰር ሊሆን እንደሚችል ታውቃለች። ከዚያን ቀን ወዲህ እህል አይወርድላትም።

ለእሳቸው የነገረቻቸው ግማሹን ብቻ ነው። በሰው ገላ ውስጥ ከደም ሥር ሌላ ቀጫጭን መስመር እንዳለ፣ ጥርት ያለ ፈሳሽ እንደሚሄድበት፣ በየመንገዱ ያሉት ዕጢዎች ያንን ፈሳሽ እንደሚያጣሩ፣ ነጭ የደም ሴሎችም እዚያ ተሰብስበው ከጀርም ጋር እንደሚዋጉ። ውጊያው ሲበረታ ዕጢው ያብጣል ብላቸዋለች። አባቷ ወደውት ለጎረቤቱ ሁሉ አስረድተዋል።

"ሦስት ሳምንት ሙሉ ውጊያው አያልቅም እንዴ?" ይላሉ አሁን፣ አንገታቸውን እየዳሰሱ።

"ገና ነው፣ አባዬ።"

"ማን እያሸነፈ ነው?"

የአባቷ ስም ይጠራል።

ሐኪሟ በመርፌ የተወሰደውን ናሙና ውጤት ሁለቴ ታነባለች። ብሩክታይት የወንበሩን ጠርዝ ጨብጣለች።

"አባቴ፣ የዕጢ ቲቢ ነው ያለብዎት" ትላለች ሐኪሟ፤ " መድኃኒቱን ስድስት ወር ሳያቋርጡ ከወሰዱ ይድናሉ።"

አቶ ኣምደሚካኤል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ክኒኑ ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱን እንድትይዝላቸው ወደ ልጃቸው ዞር ሲሉ፣ ብሩክታይት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ታለቅሳለች።

ሐኪሟ ሶፍት ታቀብላታለች።

"ይቅርታ፤ ደስ ብሎኝ ነው" ትላለች ብሩክታይት።

"ቲቢ ሆኖ ነው ደስ ያለሽ?" ይላሉ አባቷ።

ቀና ብላ አታያቸውም። በአዎንታ ራሷን ትነቀንቃለች።

የአባቷ እጅ ወደ ንፍፊቱ ይሄዳል። ከዚያ ወንበሩን ተደግፈው ሊነሱ ይጀምሩና ይተዉታል።

"ቆይ" ይላሉ፤ "ትንሽ ልቀመጥ።"