የደቅሲሳ ቀይ ኔቡላ

ደቅሲሳ ፎቶ ቤት ከመቱ መናኸሪያ ወረድ ብሎ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የከተማው ሙሽራና ተመራቂ ሁሉ እዚያ ቤት ገብቶ አንድ ፏፏቴ ፊት ቆሞ ፎቶ ተነሥቷል። ፏፏቴው ሸራ ላይ የተሳለ ነው። የየት አገር እንደሆነ ደቅሲሳም አያውቅም፤ የጠየቀውም የለም።

ባጫ መጣና ፏፏቴውን አደረቀው።

ባጫ ገና ሠላሳ ያልሞላው ጎረምሳ ነው። ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብቶ ፎቶ ቤት ከፈተ። የጠፈር ቴሌስኮፕ ያነሣቸውን ፎቶዎች ከኢንተርኔት እያወረደ፣ በትልልቅ ባነር እያሳተመ ባክግራውንድ አደረጋቸው። ቀለበቷን ያጠለቀች ሳተርን አለች። የተጠማዘዘ ጋላክሲ አለ። ከሁሉም ከሁሉም ግን ኔቡላው! ኮከብ የሚወለድበት የጋዝ ደመና ነው ይላል ባጫ። ሙሽሮች እዚያ ፊት ሲቆሙ ሰማይ ቤት የተጋቡ ይመስላሉ። ታዲያ ፏፏቴውን ማን ያስታውሰው?

ደቅሲሳ ቀና። ነገሩን ማለባበስ አያስፈልግም፣ ቅናት ነው። ባጫ በር ላይ ሰልፍ ባየ ቁጥር ከእምብርቱ በላይ እሳት ይለኮስበታል። ተልባ ጠጣ፣ ወተት ጠጣ፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ሚስቱ ፈትለወርቅ እየጎተተች ጅማ ወሰደችው። ሐኪሙ አደንዝዞ፣ መብራት ያለው ቱቦ በጉሮሮው ሰዶ መረመረውና ውጤቱን በፍላሽ ሰጣቸው። ደቅሲሳ መርፌ ሲያይ እንኳን የሚያዞረው ሰው ነው። ፍላሹን ለሚስቱ ወረወረላት።

«ለመቱው ሐኪም በቀለም አሳትማችሁ ውሰዱ ብለዋል» አለች ፈትለወርቅ። «የኛ ፕሪንተር ደግሞ ቀለም ጨርሷል።»

«የትም አሳትሚው! ብቻ እኔን አታሳዪኝ!»

ሰኔ ደረሰ። ሰኔ ማለት የዩኒቨርሲቲ ምርቃት ነው፤ በምርቃት ሳምንት ያልሠራ ፎቶ ቤት ዓመቱን አይዘልቅም። ደቅሲሳ ዘንድሮም ካልቀናው ሱቁን ዘግቶ፣ መስከረም ሲጠባ ያዮ ወርዶ አማቱ ጫካ ውስጥ ቡና ሊለቅም ነው። በሃምሳ ዓመቱ! ሲያስበው ያቺ እሳት እንደገና ትነሣለች።

ምርቃቱ ሳምንት ሲቀረው ባጫ በሩ ላይ ብቅ አለ።

«አካም ጋሼ? ጎሬ ቀብር ደርሼ ልምጣ፣ ሱቋን ያዩልኛል?»

ጎረቤት ለቀብር ሲሄድ ሱቁን መጠበቅ ወግ ነው፤ እምቢ አይባልም።

«ሂድ ግዴለህም። ነፍስ ይማር።»

ባጫ መታጠፊያውን እንዳለፈ ደቅሲሳ ኮምፒውተሩ ላይ ጉብ አለ። ልቡ እንደ ሌባ ልብ ድው ድው ይላል፤ ሌባ ነዋ! የተሰቀሉትን ቢወስድ ይነቃበታል። ገና ያልተሰቀለ ፈለገ። ባጫ ራሱ ያወረደውንም፣ ደንበኛ ያመጣውንም እዚያው አንድ ቦታ ይዘረግፋል፤ ማጥፋት የሚባል ነገር አያውቅም። ደቅሲሳ ሲበረብር ሲበረብር ስም የሌለው፣ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት አንድ ፎቶ ከፈተ። ዓይኑን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ።

ቀይ ነው፤ ደግሞ ሮዝ ነው። እጥፋት በእጥፋት ላይ የተደራረበ ደመና፣ እዚህም እዚያም ብልጭ የሚሉ ነጫጭ ነጥቦች። መሃሉ ላይ ጥቁር ጉድጓድ። ያ ብርሃን ይውጣል የሚባለው ጉድጓድ ይኼ ነው ማለት ነው!

«አንተ ስስታም፣ ዋናውን ደብቀኸዋላ!» አለ ደቅሲሳ ለብቻው። ገልብጦት ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ፏፏቴው ወረደና ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ቀይ ኔቡላ ተሰቀለ። ፈትለወርቅ አራስ እህቷ ዘንድ ያዮ ከርማ ስለነበር አላየችውም።

የምርቃቱ ዕለት ጉድ ፈላ። ጋዋን የለበሰው ሁሉ ደቅሲሳ ቤት ጎረፈ።

«ዋቃዮ! እኔን ጉድጓዱ አጠገብ አንሱኝ!»

«እኔንም! ፊቴ ላይ ግን ጥላ እንዳይወድቅ፣ ጋሼ!»

ሰልፉ የባጫን በር አልፎ ባጃጅ ተራ ደረሰ። ከስንት ጊዜ በኋላ ደቅሲሳ ከእምብርቱ በላይ ያለው እሳት በረድ አለለት። ምሳውን በበርበሬ በላ።

ይሄኔ ባጫ ራሱ መጣ። ባነሩን ከሩቅ አየው፤ ቀረብ ብሎ ደግሞ አየው። ደቅሲሳ ካሜራውን አስቀመጠ።

«ጋሼ... ይኼን ከየት አገኙት?»

«ሰማዩ የአባትህ ነው እንዴ?»

«ኧረ የኔስ አይደለም...»

ባጫ አፉን በመዳፉ አፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እየሮጠ ሱቁ ገባ።

አልቅስ! አለ ደቅሲሳ በልቡ። እኔስ ስንት ዓመት ተቃጥዬ የለ? ቅናት እንዲህ ነው፣ አንተም ቅመሳት! ደስ ብሎት ካሜራውን አነሣ።

ከሰዓት በኋላ ፈትለወርቅ ከያዮ መጣች። የሐኪሙ ቀጠሮ ነገ ነው። እሱን ልታስታውሰው፣ ባጫ ዘንድ ያሳተመችውን ወረቀት ገና ከበር ከቦርሳዋ እያወጣች፣ ተመራቂውን «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለች ሰልፉን ሰንጥቃ ገባች። ቀና ስትል ባነሩን አየች። ወረቀቱን አየች። እንደገና ባነሩን አየች። ቤቱ ውስጥ ሃያ ተመራቂ ከነእናት አባቱ ቆሟል።

«አንተ ሰውዬ፣ ይኼን ሁሉ ሰው የገዛ ጨጓራህ ፊት ያቆምከው ምን ሆነህ ነው?»